የላኩልንን ምስጋና ስለመመለስ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፣
ለተከበሩ የአካታች የምርምር ባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ለተከበሩ የሕፃናት የመስማት ጥናት ዋና ተመራማሪ፣

(ሦስቱም እርስዎ ስለሆኑ አንድ ደብዳቤ እንደሚበቃ በአክብሮት ገምቻለሁ።)

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? የደም ግፊትዎስ? ለሁሉም ደህንነትን እመኛለሁ። ለጉልበትዎ ግን ለብቻው እመኛለሁ፤ ማታ ሊፍቱ ከተዘጋ በኋላ በየሳምንቱ እስከ አራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚወጣ ጉልበት ከሌላው አካል ጋር በጅምላ ሰላም ተብሎ የሚታለፍ አይደለምና። እኔ ደህና ነኝ። ግራ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ቀኙ ግን አሁንም በሥራ ላይ ነው፣ ሐሜት ሲገኝማ ትርፍ ሰዓት ይሠራል።

ላያስታውሱኝ ይችላሉ እንጂ ተያይተናል። ከስብሰባ አዳራሻችሁ በር አጠገብ፣ «ዝምታ ይከበር» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር፣ ጨቅላ ታቅፌ ተቀምጬ ሳለ ባልደረቦችዎን አስከትለው ሲያልፉ ቆም ብለው «አባት፣ እዚህ እኮ የሕፃናት ማቆያ አይደለም» ያሉኝ ሽማግሌ እኔ ነኝ። እኔም «ልጄ፣ ውስጥ ያሉት ሲጯጯሁ ብሰማ መስሎኝ ነው» ብዬዎት ነበር። ያልሳቁት ቸኩለው ስለነበር ነው ብዬ በደግ ተርጉሜዋለሁ።

በእቅፌ የነበረው የልጅ ልጄ ልጅ ነው። በቤታችን «ሹሙ» እንለዋለን፤ ሲያሻው ያስጠራናል፣ ሲያሻው ያባርረናል፣ ለምን ብሎ ጠይቆት መልስ ያገኘ የለም። ከእርስዎ የሚለየው ስንስቅለት መልሶ መሳቁ ብቻ ነው። እናቱ፣ ማለትም የልጅ ልጄ፣ እርስዎ በሚመሩት ጥናት ውስጥ ተመራማሪ ናት። ጥናቱ ሕፃናት በክፍል ውስጥ ጫጫታ መካከል መምህራቸውን ምን ያህል እንደሚሰሙ የሚመረምር ነው። ሁለት የትምህርት ዓመት ሙሉ መሣሪያውን በትከሻዋ አንግታ፣ ሹሙንም መጀመሪያ በሆዷ ኋላም በጀርባዋ ይዛ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የዞረችው እሷ ናት። ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጋ፣ ድምፅ ሲሰሙ ጣታቸውን እንዲያነሱ ያስለመደችው፣ የፈራውን አባብላ፣ እሷን ደስ ለማሰኘት ብቻ ጣቱን የሚያነሳውን ለይታ፣ ከኋላ ወንበር «ሰነፍ» ተብለው ከተቀመጡት ብዙዎቹ መምህሩን ጨርሶ የማይሰሙ ልጆች መሆናቸውን ያገኘችው እሷ ናት። ወደ ትምህርት ቤቶቹ ከመውጣቷ በፊት በእኔ ላይ ትለማመድ ነበር። አንድ ቀን ፈተናውን በጥሩ ውጤት ላልፍ ብዬ ጣቴን ስቀስር «አባባ፣ ምን ሰምተህ ነው? ገና እኮ አልከፈትኩትም!» ያለችኝን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራብኛል።

አሁን ይህ ጥናት በትልቅ መጽሔት ሊታተም ነው። የልጅ ልጄ ስም ግን ከጸሐፊዎቹ ተርታ ወጥቷል። ስሟ እዚያ ካልሰፈረ የሥራ ውሏ እንደማይታደስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ደንቡ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎትና። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ምሁር ነገር በቁጥር ሲቀርብለት ይቀለዋል ሲሉ ስለሰማሁ ዝርዝሩን በቁጥር አቅርቤልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማታው ስብሰባ። የጸሐፊዎች ስምና ቅደም ተከተል የሚወሰነው ከሥራ ሰዓት በኋላ በሚደረግ ስብሰባ መሆኑን፣ በስብሰባው ያልተገኘም በውሳኔው እንደተስማማ መቆጠሩን ስሰማ በአመራር ጥበብዎ እጅግ ተደንቄአለሁ። ቀን ቀን ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ማን ምን እንደሠራ ለመወሰን ሥራ የሌለበትን ሰዓት መምረጥዎ ተገቢ ነው። ሰዓቱ እናት ጡት የምታጠባበት፣ አባትም ወግ ደርሶት ልጅ የሚያስተኛበት መሆኑ ጥቃቅን ነገር ነው። የልጅ ልጄ አንድ ማታ እንደምንም መጣች፤ እኔ ሹሙን ይዤ በር ላይ ተቀመጥኩ። አለቀሰ፣ ወጥታ አጠባችው፣ ተመልሳ ስትገባ የእሷ ጉዳይ ታይቶ አልቆ ስለሚቀጥለው ዓመት አጀንዳ ይወራ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ገና ከውጭ በር ዘበኛው አስቆመን። የሹሙን እግር እየኮረኮረ «አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሕፃን እንዳይገባ የሚል ትእዛዝ ወርዷል» አለኝ። ትእዛዙ የወረደው እርስዎና እኔ በተዋወቅን ማግስት ነው። በዚህ ዕድሜዬ በእኔ ምክንያት ደንብ ሲወጣ የመጀመሪያው ስለሆነ ክብሩ ተሰምቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሷም ባለመግባቷ «ተስማምታለች» ተባለ። በሥራ ዘመኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። በፌርማታው ሳልቆም አልፌ፣ ቆሞ ሲጠብቀኝ የነበረውን ሰው «ላለመሳፈር ተስማምቷል» የምልበት ብልሃት ያኔ ቢኖር ስንት ነዳጅ በቆጠብኩ ነበር!

ሁለተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ጸሐፊ። በቡድኑ ውስጥ ባልደረቦቹ «ልክ ነው» የሚሉት ጎበዝ አለ። ስሙ የወጣለት እርስዎ ተናግረው ሳይጨርሱ «ልክ ነው» ስለሚል ነው። አንድም ትምህርት ቤት አልሄደም፣ አንድም ሕፃን ጣቱን አላነሳለትም። ከማታው ስብሰባ ግን ቀርቶ ስለማያውቅ ስሙ ከእርስዎ ቀጥሎ ሰፍሯል። በልጁ አልፈርድበትም። ሲነቀነቅ የዋለ አንገት በኔ ዕድሜ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ እንዲያውም አዝንለታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አካታች የምርምር ባህል ኮሚቴዎ። ማንም ከምርምር ሥራ እንዳይገለል የሚመክር ኮሚቴ ማቋቋምዎን በደስታ ሰምተናል፤ በየግድግዳው የተለጠፈውን ማስታወቂያም አይተናል፣ ቀለሙ ያምራል። ከልጅ ልጄ ጋር የሚሠራው የቁጥር ባለሙያም አባል ሆኖ ተመርጧል። ይህ ሰው እሷ ከየትምህርት ቤቱ ያመጣችውን መረጃ ሁሉ ያሰላ፣ ስሙም እንደ እሷ ከጸሐፊዎቹ የወጣ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ኮሚቴው የት ይሰበሰባል? አራተኛ ፎቅ። መቼ? ማታ። ሊፍቱስ? መብራት ለመቆጠብ ሲባል ማታ ማታ ይዘጋል። እናም የአካታችነት ኮሚቴው አባል ከምድር ቤት ደረጃው ሥር፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጎን ሆኖ በስልክ ስብሰባውን ተከታተለ። መስመሩ ከአጀንዳው መሐል ላይ ተቋረጠ። ቃለ ጉባኤው «አባሉ ተቃውሞ አላሰሙም» ይላል። እውነት ነው፣ አላሰሙም፤ ስልኩን መልሶ ያነሳላቸው አልነበረም። በሁለተኛው ስብሰባ «ልክ ነው» በደግነት ወርዶ «ተሸክመን እናውጣህ» ቢለው «የመጣሁት ልሰበሰብ ነው እንጂ ሶፋ ነኝ እንዴ?» ብሎ መለሰው። ይህችን መልስ ከሰማሁ ጀምሮ የቁጥር ባለሙያውን እንደ ራሴ ልጅ እወደዋለሁ።

አራተኛ፣ ስለ መጠይቁ። ኮሚቴው «የስብሰባው ሰዓትና ቦታ ያስቸግርዎታል?» የሚል መጠይቅ በትኖ፣ ማንም አልተቸገረም የሚል ውጤት አግኝቶ፣ ውጤቱንም በግራፍ አስውቦ ለጥፏል። መጠይቁ የተበተነው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማታ፣ ለተገኙት ነው። የቁጥር ባለሙያው ይህን ሲነግረን ከሳቅ ብዛት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን መጥረግ ነበረበት። እኔ ምንም አልጨምርም፤ ምርምሩን እናንተ ታውቁታላችሁ።

አምስተኛ፣ ወደ ዋናው ነገር ስመጣ፣ ስለ ምስጋናው። የልጅ ልጄ ስሟ ለምን እንደወጣ ብትጠይቅ፣ በጥናቱ መጨረሻ ላይ «ላሳዩት ቅንነትና መልካም ትብብር» ተብለው እሷና የቁጥር ባለሙያው በምስጋና ክፍል እንደሚጠቀሱ፣ ለዚህም የፈቃድ ወረቀት ላይ እንድትፈርም በትህትና ተነገራት። ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ሹሙ ጫፉን እየጎተተባት፣ ደጋግማ አነበበችው። ቀና ብላ «አባባ፣ ምስጋና እምቢ ማለት ነውር ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንደ አመስጋኙ ነው የኔ ልጅ» አልኳት። በልጅነቷ እንኳ እህቷ ጫማዋን ተጫምታባት ስትሄድ ዝም የምትል ልጅ ነበረች፤ ያን ቀን ግን ብዕሩን እስኪሰበር ይዛ «አልፈቅድም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልክ ደወለች፣ የቁጥር ባለሙያውም በበኩሉ «አልፈቅድም» ብሎ ጻፈ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ቢሮ አንድ ነገር የተዘነጋ ይመስለኛል። ያ የከበረ መጽሔት ማንንም ሰው ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ አያመሰግንም፤ የተመሰገነ ሰው በሥራው የተስማማ ይመስላልና። የፈቃድ ወረቀቱም ለዚህ ነበር። ስለዚህ ከጸሐፊነት ያወጧቸውን ሰዎች ወደ ምስጋና ማውረድ አልተቻለም። አሁን በእጅዎ ያለው ማን እንደለካው የማይታወቅ፣ ማን እንዳሰላው የማይነገር ጥናት ነው። ሁለቱም ማን ምን እንደሠራ ዘርዝረው ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጽፈዋል፤ የየትምህርት ቤቶቹ ርእሳነ መምህራንም መሣሪያ ይዛ በራቸውን ያንኳኳችው ማን እንደሆነች መስክረዋል። አዘጋጁ ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ኅትመቱን አቁሞታል። ማቆሙን ለእርስዎም እንዳሳወቀ ሰምተናል፤ በደህና ደርሶዎት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም ምስጋናዎን ሳንጠቀምበት መልሰናል። በምትኩ የምንፈልገውን አሳጥሬ ልንገርዎት፤ የሠራ ሰው ስሙ ይጻፍ፣ ስብሰባው በሥራ ሰዓትና ሁሉም በሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ያልተገኘ ሰው «ተስማማ» መባሉ ይቅር። ይህን ሲያደርጉ ውለታ እንደዋሉልን አድርገው እንዳያስቡ አደራ እላለሁ፣ እኛም ስናገኘው እጅ አንነሳም። ውሏን ባለማደስ እናስፈራራታለን ብለው ካሰቡ ደግሞ ይህን ይወቁ፤ የልጅ ልጄ ፈርታለች። አልዋሽዎትም፣ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ፈርታም አትፈርምም። ሥራውን ሊያስለቅቋት ይችሉ ይሆናል፣ የሠራችውን ግን አላደረገችውም ማሰኘት አይችሉም፤ የእኔ አንድ ጆሮና የሹሙ ጩኸት እስካለ ድረስ ነገሩ ተዳፍኖ አይቀርም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሦስቱም የሥራ ወንበሮችዎ ምቾትን፣ ለደረጃው መብራትን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜን ከማስታወስ ችሎታ ጋር እመኛለሁ።

ከማይቀየር አክብሮት ጋር፣
ከኮሪደሩ ሽማግሌ፣ የተመራማሪዋ አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣም ሰጥቼ ነበርና፣ ጋዜጣው ከማተሙ በፊት አስተያየት እንዲሰጡበት ልኮልዎት ነበር። በማግስቱ የቢሮዎ ኃላፊ ለልጅ ልጄ ስልክ ደውለው፣ ደብዳቤው ከቀረ ስሟ በሦስተኛ ጸሐፊነት ሊገባ እንደሚችል በጣፈጠ አንደበት ነገሯት። ሦስተኛ! እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «በይ እሺ በያቸው፣ የኔን ነገር ተይው» እያልኩ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ ደብዳቤ ሌላ ይጻፋል፣ ሥራ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም ብዬ። እሷ ግን «የቁጥር ባለሙያውስ?» ብላ ጠየቀች። «የእሱ ጉዳይ ወደፊት ይታያል» አሏት። «እንግዲያውስ መልሴን በጋዜጣ ያነቡታል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ይኸው እያነበቡት ነው።