ስምህ የተሰረዘበት ቀን

ለእናቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለወንድሜ ለራጊብ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ከደጅህ አይራቅ። እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህን ይይዝህ የነበረው ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህ ኢንዓምስ እንዴት ናት? ያቺ በፎቶግራፍ ብቻ የምናውቃት ልጅህ ሩባ ጥርሷን አበቀለች ወይ? የኩዌት ሙቀትስ በረደላችሁ? እኛ ምስጋና ለአላህ ይሁንና ሁላችንም አለን። እናታችን ጉልበቷ አልታዘዝ ቢላትም አንደበቷ እንደ ድሮው ነው፤ እሱስ ምነው ትንሽ በደከመ እያልን እንስቃለን።

ደብዳቤህን አንድ የቱልካርም ነጋዴ የዮርዳኖስን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ከአማን አመጣልን። ለእናታችን ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። «አጥሩ ፈረሰ ሲሉ ሰማሁ፤ በሚመጣው ፈቃዴ መጥቼ ተማምን አቅፋታለሁ፤ ክፍሌን ኖራ አስቀቡልኝ» ካልከው ላይ ስደርስ በሦስቱም ጊዜ ማንበቤን አቋረጥኩ። እናታችን ምክንያቱን ስለምታውቅ «ቀጥይ» ብቻ አለችኝ። የምነግርህ ነገር አለ። ሁለት ወር ሙሉ ልጽፍልህ እየተነሣሁ ተቀምጫለሁ። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለዚያ እጄ እሺ አይለኝም።

አጥሩ ሲቆም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበርክ ብዙውን አታስታውሰውም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1949፣ ባሕር ማዶ አንድ ደሴት ላይ ተቀምጠው መስመር አሰመሩ አሉ። የእኛን መንደር ያየ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ከዚያ ካርታ የያዙ ሰዎች መጥተው በወንዙ ሸለቆ ድንጋይ ተከሉ፤ ምዕራቡ የእስራኤል፣ ምሥራቁ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሆነ። የአባታችን ብርቱካንና የሜዳው እርሻ በዚያ በኩል ቀረ። እህታችን ተማም ደግሞ ከዓመት በፊት ለአጎታችን ልጅ ለዐብዱልሃዲ ተድራ ነበርና እሷም በዚያው ቀረች። ከቤታችን ደጃፍ እስከ ቤቷ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ሰሞን እናታችን «ይህ የአንድ ክረምት ነገር ነው» ትል ነበር።

አባታችን የሞተ ጊዜ አንተ ከናብሉስ ትምህርት ቤት የደረስከው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ይህን አላየህም። ወንዶቹ አስከሬኑን ወደ መቃብር ከመውሰዳቸው በፊት ወደ ሸለቆው ወርደው ከአጥሩ አጠገብ አሳረፉት። ተማም በወዲያ በኩል ቆማ ነበር። የእኛው ወታደር ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ፤ የእነሱም ወታደር ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና ማሰር ያዘ። እህታችን አልጮኸችም። ፊቱን ግለጡልኝ አለች፣ ገለጡላት፣ አየችው፣ ሄደች።

እንግዲህ በዚህ በጋ ጦርነቱ በስድስት ቀን ሲያልቅ መላው አገር በእጃቸው ሆነና አጥሩ ትርጉም አጣ። አንድ ቀን ጠዋት ሽቦው ተቆርጦ አደረ። ማን እንደቆረጠው አልታወቀም። ተማም የሚፈላ ድስት ጥዳ እንደነበር ረስታ መጣች። እናታችን በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ወፍረሻል።» ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪደክማቸው አለቀሱ።

በአራተኛው ቀን ተጣሉ። ስለ ምን ብትለኝ፣ ተማም የወይን ቅጠል ጥቅልል ስትሠራ ሎሚ አብዝታለች ተብሎ ነው። ዐብዱልሃዲ በመካከል ገብቶ «ዐሥራ ስምንት ዓመት ወታደር ሲጠብቀኝ ኖሬ፣ አሁን ከአማቴ ማን ይጠብቀኝ?» ቢል እናታችን ቀበል አድርጋ «ለካ አጥሩ ላንተ ተብሎ ነው የቆመው» አለችው። እንደዚያ ስቀን አናውቅም። የተማም ልጆች ቁጥር ሲቆጥሩ በዕብራይስጥ ነው፤ የእኔዎቹ ያሾፉባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የኛዎቹን «የንጉሡ ሎሌዎች» ይሏቸዋል። ያም ሆኖ ሲበሉ ከአንድ ትሪ ነው። አንተ ብቻ ጎድለህ ነበር።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ደረስኩ።

በመስከረም፣ በድምፅ ማጉያ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ሕዝብ ሊቆጠር ነው ተባለ። ተማም ከዋዜማው መጥታ አድራ ስለነበር እኛው ጋ ታገደች። በዚህ ቀን ያልተጻፈ ሰው ወደፊት በአገሩ ላይ ነዋሪ አይባልም የሚል ወሬ አስቀድሞ ደርሶን ነበር። እናታችን በማለዳ ተነሥታ አልጋህን አነጠፈች፤ ኮትህን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤ ሁላችንንም ሰብስባ «ራጊብ አለ። ሆዱን አሞት ጓሮ ነው። ሌላ ቃል የለም» አለችን። ባለቤቴ ዐዋድ አልወደደውም፤ ግን በእናታችን ፊት ምን ይላል?

ረፋዱ ላይ ሁለት ወታደሮችና አንድ ጸሐፊ መጡ። ጸሐፊው መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው፤ ዐረብኛው የባግዳድ ሰው ዐረብኛ። እናታችን ሻይ ሰጥታው ከወዴት ነህ ስትለው አይሁዳዊ መሆኑን፣ ተወልዶ ያደገው ባግዳድ መሆኑን ነገራት። በ1951 ከእናቱ ጋር አገሩን ሲለቅ ስማቸው ከአገሩ መዝገብ ተሰርዞ ነበር። እናቱ እስክትሞት ድረስ የተወችውን ቤት ቁጥር ለሰው ሁሉ ትናገር እንደነበር አጫወታት። እናታችን «አላህ ይማራት» አለች፤ ከልቧ ነበር።

ከዚያ መጻፍ ጀመረ። እናታችንን፣ ዐዋድን፣ እኔን፣ ሦስቱን ልጆቻችንን ጻፈ። ቀጥላ «ልጄ ራጊብ» አለችው። የት ነው ሲላት እንደ ተማከርነው መለሰች። ሰውዬው አልጋውን አየ። ኮቱን አየ። እናታችንንም ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አጎንብሶ ጻፈህ። ተማም የእነሱን ፊደል ስለምታነብ በነጠላዋ ሥር እጄን ጨበጠችኝ፤ ስምህ መዝገቡ ላይ መስፈሩን በዚያ አወቅሁ። ዕድሜውስ አለ፤ ሃያ ሰባት አልነው። ሥራውስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ወንድሜ፣ እኔን ታውቀኛለህ። ያንተን ሥራ የጠየቀኝ ሰው ሳይሰማኝ ሄዶ አያውቅም። እየኮራሁ «የኩዌት ውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አለቃው ያለ እሱ አንድ ወረቀት አይፈርምም» አልኩት።

ከሁለቱ ወታደሮች ዐረብኛ የሚያውቀው «ኩዌት?» ብሎ ሳቀ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ሥራውን ነው እንጂ ያለበትን አልጠየቅሁሽም» አለኝ። ከዚያ ስምህ ላይ መስመር አሰመረ።

ሲሄዱ ጓሮ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናታችን ስትመጣ እርግማን ነበር የጠበቅሁት። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠችና «አራት ዓመት ሙሉ ጎረቤቱን በራጊብ ስታሰለቺ ኖረሽ፣ ያን ቀን ብቻ ዝም በይ ብልሽ ከየት ታመጪዋለሽ?» አለችኝ። ራሴን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንሥታው አታውቅም። ዐዋድ ወታደሮቹ ጓሮውን ማየታቸው አይቀርም ነበር ይለኛል። ተማምም እንዲሁ ትላለች። እውነታቸውን ይሁን እኔን ሊያጽናኑ እንጃ። ይቅር በለኝ፤ ይቅር ማለት ካቃተህም ተቆጥተህ ጻፍልኝ፤ ብቻ ዝም አትበለኝ።

እጃችንን አጣጥፈን ግን አልተቀመጥንም። ከተማም ጋር ወደ ወታደሮቹ ቢሮ ሄደን፣ እሷ በቋንቋቸው እየተናገረች፣ እንድትመለስ የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገብተናል። ተቀባዩ ይታያል አለን፤ መቼ እንደሚታይ አልነገረንም። እስከዚያው እናታችን ለአንድ ወር ድልድዩን የምትሻገርበት ወረቀት አግኝታለች። በሻዕባን መጨረሻ አማን፣ በሌላው የአጎታችን ልጅ ዘንድ ትሆናለች። ኢንዓምንና ሩባን ይዘህ ና፤ የረመዳንን መጀመሪያ አብራችሁ ጹሙ። እዚያው ከልጅሽ ጋር ቅሪ፣ ኩዌት ሄደሽ ዕረፊ ብላት አልሰማችኝም። «ወረቀቴ ላይ ያለው ቀን ካለፈ እኔም መሰረዜ ነው» አለችኝ። «ልጄን ወደ አገሩ ልጠራው የምችለው፣ እዚህ የተጻፍኩት እኔ እናቱ ነኝ። እሱን አይቼ፣ ሕፃኗን አሽትቼ እመለሳለሁ።»

ዐዋድ በጣም ናፍቆሃል፤ ሰላም ብሎሃል። ልጆቼ የአጎታችንን እጅ ሳሚልን ብለዋል። ዐብዱልሃዲ አማቱን አንድ ወር ስለወሰድክለት ያመሰግንሃል። እናታችን ሰላምታዬን ራሴ አደርሳለሁ ብላ እንዳልጽፍ ከልክላኛለች። ለኢንዓም የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ የሩባንም ሁለት ጉንጮች ሳምልኝ።

ተማም በያዘችው የእስራኤል ወረቀት ዮርዳኖስ መግባት አትችልም፤ በእናታችን እጅ ግን ሸሚዝ ልካልሃለች። ቁመትህን በአጥር ማዶ ያየችውን ያህል ገምታ፣ ትከሻውን በትልቁ ልጇ ለክታ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእጇ ሰፍታዋለች። ቢሰፋህም ቢጠብህም ልክክ አለልኝ ብለህ ጻፍላት። ይህን ብትጠይቀኝ እንኳ እኔ ትንፍሽ አልልም።

እህትህ ነዝሚያ
ቤይት ነዒም፣ ሻዕባን 9 ቀን 1387
ኖቬምበር 12 ቀን 1967