ለምርቃት ያበራሁት መብራት

ሰኞ

ይህን ሬዲዮ መቀበል አልነበረብኝም። ተቀበልኩ። አሁን ከጠረጴዛዬ ሥር በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ልቤም እዚያው ነው።

ያመጡት ጋሽ ቶላ ናቸው፤ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ የሚኖሩት ጡረተኛ ሾፌር። ሱቄ ገብተው ከዘንቢላቸው ድንች አወጡ፣ አወጡ፣ ከሥሩ ይህ ብቅ አለ። ድሮ ይነዱለት የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የሰጣቸው ነው። ተራ ሬዲዮ ቢሆን ምን ችግር ነበረው? ስካነር ነው እንጂ። ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ ጣቢያ ለጣቢያ እየዞረ ይፈልግና ድምፅ ያገኘበት ላይ ይቆማል። የፖሊስንም የጦሩንም ንግግር ይጠልፋል ይባላል። ይጥለፍ አይጥለፍ ማን አጣርቶ ይጠይቃል? ቀበሌ ካየው የስለላ መሣሪያ ነው ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ እሳቸውም እኔም አለቀልን።

ችግሩ ቮልዩሙ ነው። ይንኮሻኮሻል፣ ድምፁ ሄድ መጣ ይላል። «ድምፁን ብቻ አስተካክልልኝ ሱሩር፣ ሌላ ምኑንም አትንካ» አሉኝ። የቁጥሩ መስኮት መብራትም ሞቷል፤ እሱን ግን አላነሱትም።

እምቢ ልል አፌን ስከፍት ልጃቸው ገመቹ ትዝ አለኝ። በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሟል። የዚያን ልጅ አባት በምን አፌ ልመልስ?

ባለቤቴ ዘሃራ ስትሰማ ተቆጣች። ለሰው ሳዝን የገዛ ልጆቼን አባት እንደማሳጣቸው ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ነገ ሠርቼ ቶሎ ከቤቴ ይውጣልኝ።

ማክሰኞ

ቮልዩሙ ቀላል ነበር። ፈታሁት፣ አቧራ በልቶታል፣ በአልኮል አጥቤ ደጋግሜ አሽከረከርኩት። ድምፁ ጥርት አለ። እዚህ ላይ ክዳኑን መግጠም ነበረብኝ።

ግን ግማሽ ጎኑ የሞተ ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ አይሆንልኝም። ዘሃራ በሽታ ነው ትላለች። ከቁጥሩ ጀርባ የገብስ ፍሬ የምታክል አምፖል አለች። ሽቦዋ ተቆርጦ ጫፉ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል። ከእኔ በፊት የነካካው የማን ጀማሪ ነው ብዬ ተሳደብኩ። መቀጠል አቅቶት ሸፍኖ የተወው ነው የመሰለኝ። ሽቦውን ስቀጥለው አምፖሏ ብልጭ ብላ ተቃጠለች። አርጅታ ነበር።

አሁንማ እልህ ያዘኝ። ጉርድ ሾላ ድረስ ወርጄ ከአንድ ጋራዥ የመኪና አምፖል ጠየቅኩ፤ ያላቸው ሁሉ ትልልቅ ነው። በመጨረሻ ከገዛ ሱቄ፣ ባለቤቱ ከረሳው የሞተ ቴፕ ውስጥ አንዲት አገኘሁ። በመበየጃ ካውያ በየድኳት፣ የባትሪ ድንጋዩን ከተትኩ፣ ከፈትኩ። በራ! መስኮቱ አረንጓዴ ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ ለምለም ሣር በራ። ከድሮዋ አምፖል ሳትበልጥ አትቀርም። ብቻዬን ሳቅኩ።

ሳቄን ሳልጨርስ ጓድ ንጉሤ በሩ ላይ ቆሟል። የቀበሌያችን ጥበቃ ኃላፊ ነው። ኮቴን አውልቄ ሬዲዮው ላይ ጣልኩት። በዚህ ብርድ ኮት የሚያወልቅ ሰው ያጠራጥራል ብዬ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ካሴት እየበላበት ያስቸገረውን የራሱን ሬዲዮ ቴፕ ነው ይዞ የመጣው። አስቀምጦ ሄደ። ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አልኩ።

ረቡዕ

ጋሽ ቶላ ወሰዱልኝ። ተመስገን!

በሩ ላይ በፀሐይ ከፍተው ድምፁን ሰሙና ደስ አላቸው። ፀሐይ ስለሆነ መብራቱ አልታያቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት እንኳ መዝና ስታበቃ አንድ ራስ ለምርቃት ትጨምራለች። ምርቃት ደግሞ አይወራም። ሒሳብ ልጨምር ብለው እንዳይጨነቁ፣ ማታ ሲከፍቱት ራሳቸው አይተው ይመርቁኝ አልኩ።

ዛሬ ምግብ በላሁ። ዘሃራም ፊቷ ተፈታ። የጓድ ንጉሤን ቴፕ ጀመርኩ፤ ጎማው ላልቷል።

ሐሙስ

የፈሩት ይደርሳል።

ጓድ ንጉሤ ጠዋት መጣና ቴፑን ሳይጠይቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትናንት ሲመሽ ጥበቃዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ መስኮት አረንጓዴ ብርሃን አይተዋል። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ብርሃኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ የትኛው ቤት እንደሆነ አልለዩም። «ባለሙያ አይደለህ? በጨለማ አረንጓዴ የሚያበራ ሬዲዮ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

የድሮዎቹ ትልልቅ ሬዲዮዎች ግንባራቸው ላይ አረንጓዴ ዓይን እንዳላቸው፣ በስንቱ ቤት እንደሚገኙ ነገርኩት። ውሸት አይደለም። ብቻ እውነቱም እሱ አይደለም። ራሱን ነቀነቀ፤ ነገ ጠዋት ቤት ለቤት እንደሚፈትሹ፣ ቴፑን ዛሬ ማታ እንደሚወስድ ነግሮኝ ወጣ።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሽቦ ተበላሽቶ አይደለም የተቆረጠው። ጋሽ ቶላ ራሳቸው ናቸው የቆረጡት፣ በጨለማ እንዳይታይባቸው! ጀማሪ ብዬ የሰደብኩት እሳቸውን ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።

አምፖሏን መልሼ ልነቅል ካውያዬን በዘንቢል ይዤ፣ ሰው ቤት ሥራ ተጠርቼ የምሄድ መስዬ ዳገቱን ወጣሁ። ጋሽ ቶላ ሲያዩኝ አስገብተውኝ በሩን ዘጉ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፣ አልጮኹም። ማታ ማታ ኩራዙን አጥፍተው፣ ሰው የሌለ አስመስለው በሰሜን ጦሩን የሚዋጋውን የወዲያኛውን ወገን ጣቢያ ሲሰሙ ከርመዋል። ሬዲዮው የተዉበትን ጣቢያ አይረሳም፤ መብራት አያስፈልጋቸውም። ጣቢያው የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነባል፣ ክፍለ ሀገር በክፍለ ሀገር። ገመቹ ከተማረከ ሞቷል ማለት አይደለም። የሚጠብቁት እሱን ነው።

ትናንት ሲከፍቱት ቤቱ አረንጓዴ ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን ጣሉበት፣ ግን ከደጅ ፊሽካ ተነፋ። ሌሊቱን ሳይተኙ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ቶላ ሬዲዮውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት።

«ስከፍተው ስም የሚያነበው ሰዉየው እየጨረሰ ነበር፤ የነገው የሸዋ ልጆች ነው አለ» አሉኝ። እትዬ ጫልቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ዛሬ ማታ ነበር» አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ እሰማላችኋለሁ አልኳቸው፤ አፌ ከልቤ ቀደመ። ያንን ጣቢያ በዕድሜዬ ከፍቼው አላውቅም። ጋሽ ቶላ የጣቢያውን ቁጥር ነገሩኝ፤ ገመቹ የሚባል ብዙ ነው ብለው የአያቱንም ስም ጨመሩልኝ፦ ሮባ።

ሐሙስ ማታ

ዳገቱን ስወርድ ነው በምን እንደምሰማ ያሰብኩት። የቤቴ ሬዲዮ የአገር ውስጡን ብቻ ነው የሚይዘው። ደንበኞች ያመጧቸው ሁሉ ሆዳቸው ተዘርግፏል። አጭር ሞገድ ያለውና የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፣ የጓድ ንጉሤ ቴፕ። እሱም ማታ መጥቶ ይወስደዋል።

ለዘሃራ ነገርኳት። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ምስሯን በሰፌድ ይዛ የሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፣ ለቀማ ጀመረች። «ሲመጣ ጮክ ብዬ ሰላም እለዋለሁ፣ አንተ ጆሮህን ክፈት» አለችኝ። እሷን ያገባሁበት ቀን ይባረክ።

መግሪብ ሰግጄ ከፈትኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ለጠፍኩ። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር፤ መንግሥት ጣቢያው እንዳይሰማ የሚለቅበት አፋኝ ድምፅ ነው። ፀጉር ታህል ዞር ሳደርገው የሰው ድምፅ ከሥሩ ወጣ። ስም እያነበበ ነው! ተጀምሯል። የመጀመሪያዎቹ አልፈውኝ ይሆን? የማን ልጅ እንደሆኑ የማላውቃቸው ልጆች አንድ በአንድ ያልፋሉ። ስንት ቤት ነው እንደዚህ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚያዳምጠው? ወፍጮው መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። አንዳንዱ ስም ግማሹ ተበላ።

«ገመቹ ቶላ ሮባ፣ ሸዋ።»

እንደዚህ፣ ቁልጭ ብሎ። ሰው ስም ሲጠራ እንደሚለው ተራ አድርጎ አለውና ወደ ሌላው አለፈ። እኔ ግን አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

ከደጅ የዘሃራ ድምፅ። «እንዴት አመሹ ጓድ ንጉሤ!» ሞገዱን ወደ አገር ውስጡ መለስኩ፣ ካሴት ከተትኩ፣ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ዓይኔ ለምን እንደቀላ ጠየቀኝ። የካውያ ጭስ ነው አልኩት። ቴፑን ሞከረው፣ ደስ አለው፣ ይዞት ሄደ።

አሁኑኑ ሮጬ መንገር ነበረብኝ። መንገዱ ላይ ግን ጥበቃ ሞልቷል። እዚያ ሁለት ሰዎች ሳይተኙ እንደሚያድሩ እያወቅኩ እዚህ መቀመጥ አቃጠለኝ።

ዓርብ

ፍተሻው ጠዋት ነበር። የእነ ጋሽ ቶላን ቤት ፍራሽ ሳይቀር ገለበጡ አሉ፣ ምንም አላገኙም። ጉድጓዱን ማንም አላየም። እስከ ቀትር እጄ ሥራ አልያዘም።

ከጁምዓ በኋላ ወጣሁ። እትዬ ጫልቱ የተበተነ ልብስ እያጣጠፉ ነበር። በሩን ዘግቼ ነገርኳቸው። ጋሽ ቶላ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ጫልቱ አላለቀሱም፤ አጠገቤ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«በሕይወት አለ ማለት ነው?»

ልዋሻቸው አልቻልኩም። ስሙ ሲጻፍ በሕይወት እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አላህ እንደሚያውቅ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ይህም ይበቃኛል አሉ።

«በል ሰዉየው እንዳለው አድርገህ በልልኝ። ምንም ሳትጨምር።»

«ገመቹ ቶላ ሮባ፣ ሸዋ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ክንዴን አልለቀቁም።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።