ጠብታው ያለቀ ዕለት

ውድ ዊልማ፣

እዚህ ታምፓ ከተማ ላይ ማዕበል ሊመጣ ነው ሲባል ሰው ውሃ ፍለጋ የሮጠ እንዳይመስልሽ፤ የተሰለፈው ካናቢስ የሚባለውን ማስታገሻ ዕፅ የሚሸጠው መድኃኒት ቤት ደጃፍ ነው! ከፊቴ የቆመ ደረተ ሰፊ ጎረምሳ የቀረውን የካናቢስ ጠብታ ጠርሙስ ሁሉ ጠራርጎ ገዛ። ከኋላዬ የነበሩት፣ ካንሰር የሚያሠቃያቸው እማማ ኦፓል፣ «ልጄ፣ አንዷን ተውልኝ» ቢሉት፣ «እኔስ ነጎድጓድ አያስፈራኝም እንዴ?» ብሏቸው ወጣ። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን በዝናብ ሄዱ።

እዚያ እኛ ሰፈር የኦካላ ሰው እኮ ማዕበል ሲመጣ የጎረቤቱን መስኮት በጣውላ ይደፍናል።

ሰው እሰድባለሁ እንጂ እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ያልተከፈተ ጠርሙስ እያለኝ ነበር የተሰለፍኩት። እሳቸው ሲሄዱ እያየሁ ጭብጥ አድርጌ ይዤው ቤቴ ገባሁ።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ትንሹ ልጅሽን ሮይን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢለት።

ያንቺዋ ጆሊን