የእናትሽ ተክልና የመንገዱ መስኮት

ልጄ አስቴር፣ ናይሮቢ ባለሽበት ጌታ በክንፉ ይሸፍንሽ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ይህን የሚያደርስልሽ የታመነ ወንድም ስለሆነ እውነቱን እጽፍልሻለሁ።

«የእናትሽ ተክል ለምልማለች» እያልሁ ስጽፍልሽ ዋሽቻለሁ። ወንድሞች ከጸሎት ላይ ተይዘው ሲታሰሩ ፈራሁ። ማንም ሳያዘኝ የአብዮት በዓሉን ትልቅ መፈክር በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ላይ ለጠፍሁት። ከመስታወቱ በስተውስጥ የተንጠለጠለችው ተክል ብርሃን አጣች። ወፍራም ቅጠሎቿ ረገፉ፤ ሐረጓ እንደ ክር ቀጠነ። የጠማት መስሎኝ ውሃ ሳበዛባት ደግሞ ሥሯ በሰበሰ። እንድትድን እጸልይ ነበር፤ ብርሃኗን የከለከልኋት ግን እኔው ነበርሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ «ጫፏን ቆርጠው አሸዋማ አፈር ላይ ይትከሏት፤ ውሃ አያብዙባት» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ፤ አቆጠቆጠች። አሁን የሚቀራት ፀሐይ ብቻ ነው።

ልጄ፣ ምግብ አትዝለይ። ቢያስሩኝም ጸልዪልኝ እንጂ አታልቅሺ። ጌታ ዘመንሽን ያለምልመው።

ዛሬ ጠዋት መፈክሩን በውሃ አርሼ በቢላ መፋቅ ጀመርሁ። የቀበሌው ጥበቃ ዋቅቶላ ከመንገድ አየኝ።

«አባባ፣ ቅጠል ከአብዮት በለጠብዎት?»

«አብዮቱ ያለ ፀሐይ ይኖራል፤ እሷ ግን አትችልም።»

«ስምዎን ጽፌ ለሊቀመንበሩ እሰጣለሁ!»

«ወጋየሁ ነው። እንዳትሳሳት።»

ቆሞ እያየኝ የቀረውን ሁሉ ፋቅሁ። መስታወቱን ወልውዬ ተክሏን ፀሐዩ ላይ ሰቀልኋት።

አባትሽ