በቱሉ ስም የፈረምኩት ፊርማ

መካኒሳ፣ ግንቦት 12

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ እታለም። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ ጌታ ይባረክ፣ በጤናዬ ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠይቄሽ ዘጋሁት። አንቺ ድምፄን ስትሰሚ ታውቂብኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ አለቅሳለሁ። ጎረቤቴ ወጋየሁ ነገ ወደ ሆሳዕና ስለሚወርድ በእጁ ልኬልሻለሁ።

ክፉውን አስቀድሜ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ከሥራ ታግጃለሁ። አልሰረቅኩም፣ ከሰውም አልተጣላሁም። ያሳገደኝ አንድ ፊርማ ነው።

ለቡ መብራት ኃይል ባለው የሴራሚክ መጋዘን ስቶር ኪፐር እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ዓምና የሥራ ደህንነት ኮሚቴ ይቋቋም ሲባል፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብለውኝ ጸሐፊ አደረጉኝ። ያኔ እንዴት ኮርተሽብኝ ነበር! ኅዳር ላይ ሚሳኤል የሚባል ባለሙያ መጣና ጫኝና አውራጆቹን ዕቃ አነሳስ አስተማራቸው። እንዳትስቂ፣ ዕቃ ማንሳትም ትምህርት አለው። የሚታጠፈው ጉልበት እንጂ ወገብ አይደለም። ካርቶኑ ከሆድ ይጠጋል፤ መዞር ሲያስፈልግ እግር ይዞራል እንጂ ወገብ አይጠመዘዝም፤ የከበደውን ለሁለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች ባዶ ካርቶን አቅፈው ቁጢጥ ብድግ ሲሉ ብታዪ ግን አንቺም መሳቅሽ አይቀርም ነበር።

የዚያን ቀን ቱሉ አልመጣም። ቱሉ ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ነው፤ የፉሪ ልጅ፣ ከተማው ሳይደርስባቸው ጀምሮ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ልጅ። የቀረቻቸውን ጤፍ በደቦ የሚያጭዱበት ቀን ነበር፤ ከደቦ የቤቱ ልጅ ቀረ ማለት ደግሞ ነውር ነው። በእኛ በኩል ግን ከሥራ በመቅረት ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ ሦስተኛው ያሰናብተዋል። እኔ የስም ዝርዝሩን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከስሙ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ፈረምኩለት። እኛ ጋ ሰው ለሰው መፈረም ታክሲ ውስጥ ወንበር እንደመያዝ ነው፤ ማንም ኃጢአት ብሎ አይቆጥረውም። በማግስቱ ስነግረው ሳቀ፤ ኮሚቴ፣ መቼ ነው ቁጢጥ ማለት የምታስተምሪኝ አለኝ። ኮሚቴ እያለ ነው የሚጠራኝ። አላስተማርኩትም።

የካቲት ላይ ኮንቴይነር ገባ። ፎርክሊፍቱ ተበላሽቶ ነበርና በእጅ ይውረድ ተባለ። ቱሉ ሁለት ካርቶን ደርቦ አቀፈና እግሩ እንደቆመ ከወገቡ ዞረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አልጮኸም። ካርቶኖቹን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ፣ ዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ፣ ዕቃው አልተሰበረም ኮሚቴ ብሎኝ እዚያው ተንበረከከ። ሐኪሞቹ የወገብ ዲስክ ነው አሉ። ከእንግዲህ ከባድ ነገር አያነሳም፣ እርፍም አይጨብጥም። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው እታለም።

ለኮሚቴው ብዬ ሕጉን አንብቤዋለሁ። ሠራተኛ ሥራ ላይ ከተጎዳ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ያሳክመዋል፣ ይክሰዋል። ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ፣ ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ይቆጠራል፤ ካሳም አያገኝም። የሰው ኃይል ኃላፊያችን አቶ በኃይሉ ይህችን መስመር በደንብ ያውቋታል። የሥልጠናውን ወረቀት አወጡና፣ ይኸው ሠልጥኖ ፈርሟል፣ የተጎዳው የተማረውን ጥሶ ነው አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወረቀት ያምናሉ። ከዚያ በሰው ፊት የሶፊ ፋይል ባይኖር ምን ይውጠን ነበር ብለው አመሰገኑኝ። እንደዚያ ያመመኝ ምስጋና የለም።

ቱሉ አልፈረምኩም ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ማን እንደፈረመለት ያውቃል። ዝም አለ።

እሁድ ከቸርች በኋላ ፉሪ ሄጄ ጠየቅኩት። ሳንቃ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ተኝቷል። ሄጄ እውነቱን ልናገር አልኩት። ተይ፣ የእኔ ወገብ ይበቃል፣ አንቺም አትሰበሪ አለኝ። እናቱ አዴ ቡዜ ምንም አያውቁም፤ እርጎ ይዘውልኝ መጡና፣ ልጄ ሥራ ቦታው ሰው አለው ብለው መረቁኝ። ያንን እርጎ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ በኋላም ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። አልዋሽሽም፣ ለእንጀራዬ ፈራሁ። በመጨረሻ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ትሩፋት ጉዳዩን ሊያጣሩ መጋዘናችን ድረስ መጡ፤ እኔም ሁሉም በተሰበሰበበት በቱሉ ስም የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ። አቶ በኃይሉ አዝናለት ነው እንጂ ፊርማው የራሱ ነው ብለው ተከራከሩ። ወይዘሮ ትሩፋት ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረጉልኝ። ፈረምኩ። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት። በየቀኑ የዕቃ መረከቢያ ላይ ሲፈርም አየዋለሁ፤ ቱ ብሎ ይጀምርና ጭራዋን ስቦ ስቦ ከመስመሩ ያሳልፋታል፣ ጫፏን ወደ ላይ ይቀለብሳታል። ሦስተኛውን ወረቀቱን ሳላይ ፈረምኩት። ወይዘሮዋ ፊርማውን ትተው እኔን አዩኝ።

ከዚያ ዝርዝሩን ወደ እኔ አዙረው ጠየቁኝ። የዚያን ቀን ስድስት ሰው ቀርቷል፣ የአምስቱ ቦታ ባዶ ነው፣ ለእሱ ብቻ የፈረምሽው ለምንድን ነው አሉኝ። ማስጠንቀቂያ ስለነበረበት ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ከአምስቱ አንዱ ኢስማኢል ነው። እሱም ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ በዚያች ባዶ ቦታ የተነሳ ተሰናብቷል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ቱሉ ምርኩዙን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ወደዚያ ማየት አልቻልኩም። ወይዘሮ ትሩፋት ጥያቄውን አልደገሙትም።

ቱሉ እንዳልሠለጠነ ተመዘገበለት፤ ጉዳቱም የሥራ ላይ ጉዳት ተባለ። ሕክምናው ቀጥሏል፣ ካሳውም ይከፈለዋል። እኔ ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት ታገድኩ፤ ያሰናብቱኛል ብዬ አስባለሁ፣ ጥፋቴ ነውና አልከራከርም። ኢስማኢልን ግን እያፈላለግኩት ነው። ምን እንደምለው አላውቅም፤ ፊቱ ቆሜ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

የዚያን ቀን ከመጋዘኑ ስንወጣ ቱሉ እስከ ታክሲው ሸኘኝ። በምርኩዝ ስለሚሄድ ብዙ ቆየን። ቦርሳሽን ልያዝልሽ ሲለኝ፣ ከባድ እንዳታነሳ ተብለሃል አልኩት። ሳቀ። የወይዘሮዋን ጥያቄ ግን እሱም አላነሳትም።

ለእናታችን ለጊዜው አትንገሪያት። ደግሞ ስለዚያ ስለ ዱራሜው መምህር በስልክ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ቆየሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቤተሰብም ወዶታል፤ አንቺ መርጠሽልኝ መጥፎ አይሆንም። ቢሆንም እንዳይጠብቀኝ ንገሪልኝ። ለምን ካለሽ ከሥራ ታግዳ ነው በይው። ይኼኛው ውሸት አይደለም።

ጌታ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ለእኔም ጸልዪልኝ፤ ምን ብለሽ እንደምትጸልዪ ግን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ