አሁንም ማናጀር ናት

ልጄ ፈርሂያ፣

በድለሽኛል። የኩባንያ ማናጀርነትሽን ትተሽ የልጆችሽን ዘፈን ልታስተዳድሪ መግባትሽን ከሰው አፍ ሰማሁ። ፊደል ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ብትጽፊልኝ አነብ ነበር። አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ጎረቤታችን ሀምዱ ገበያ መሀል «ጋሼ፣ ምን ያስቆጣዎታል? አሁንም ማናጀር ናት እኮ!» ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ የልጅሽን የሁዳን ዘፈን በስልኩ ከፈተው። በክረምት እዚህ ሳለች ከማሳው ማዶ ስትጣራኝ ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። አሁን ሻክሯል፤ ዘፈኑ መሀል ላይም አሳላት። «ስታይሉ ነው፤ ቅዳሜም መድረክ ላይ ትዘፍናለች» አለኝ ሀምዱ።

ገብሱ ደርሷል። ከከላላ ማር አስመጥቼ በመኪና ልኬያለሁ። ለአንቺ አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ለልጅቱ ስጫት። የቅዳሜው መድረክ ይቅርባት።

አላህ ከነልጆችሽ ይጠብቅሽ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ ቃል አይወጣኝም፤ አንቺም አታንሺብኝ።

አባትሽ ሙሐመድኑር፣ ከመካነ ሰላም