«ዕቃው ነው» ያልኩ ዕለት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? መንትዮቹስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመዱት? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ላቦራቶሪ ስለምንሠራት ልጣፊ በስልክ ነግሬሽ ነበር። ከበቆሎ ስኳር የምትሠራ፣ ጥፍር የምታክል ስስ ላስቲክ ናት። ስትታጠፍ ራሷ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለምትፈጥር ባትሪ አትፈልግም። ሥራዋን ስትጨርስ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ሟሙታ ትጠፋለች። እማዬ ሳንባዋን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ጊዜ ሐኪሟ አንዷን ከጎድን አጥንቷ ሥር አስቀመጠችላት። በተነፈሰች ቁጥር አልጋዋ አጠገብ ባለው ስክሪን መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ስድስት ሳምንት እንድትቆይ ነበር የታሰበው። የፈረመችው እማዬ ብትሆንም ያግባባኋት እኔ ነኝ። እንደምታውቂያት ናት፣ ልጅ ሆነህ የነካኸው ሁሉ ይሰበር ነበር፣ አሁን ጭራሽ የሚጠፋ ነገር ሠራህልኝ ብላ ነርሶቹን አሳቀቻቸው።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት መስመሩ አጠረ። እማዬም ደከመኝ ብላ ሾርባዋን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ተወችው። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠራችኝና፣

«እየደከመ ያለው ዕቃው ነው ወይስ እሳቸው?» አለችኝ።

ከዚያ በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ልጣፊዎች ያለጊዜያቸው ሟሙተውብን ነበር። እሱን አስታወስኩና «ዕቃው ነው» አልኳት። አላውቅም ብላት ኖሮ የዚያኑ ዕለት ራጅ ታነሳት ነበር። አየሽ፣ አራት ዓመት ከለፋሁበት ሥራና ከእማዬ ምረጥ የተባልኩ መሰለኝ። ሥራዬ ተበላሸ ብዬ እሷን ያተረፍኩ መሰለኝ።

ወደ እማዬ ተመልሼ፣ ስክሪኑን አትይው፣ ልጣፊዋ እየሟሟች ነው አልኳት። እጄን ይዛ፣ እኔም እንደሷ እየሟሟሁ ነዋ አለችኝ። ሳቅን። ሳል አቋረጣት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እየሮጡ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዷት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሚገባ የሚወጣውን ጫማ ሳይ ቆየሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐኪሟ ልጣፊዋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ሰጠችኝ። «ልናተርፋቸው አልቻልንም» ብላ ትከሻዬን ያዘች።

ላቦራቶሪ ወስጄ ሽቦዋን አገናኘሁና በጣቴ ጫን አደረግኋት። መስመሩ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ሽቅብ ወጣ። ጥጓ እንኳ አልሟሟም። ባልደረባዬ መጥቶ እጄን እስኪይዘኝ ደጋግሜ ተጫንኳት። አለቃችን ውጤቱ ጥሩ መሆኑን ሪፖርት ላይ እንዳሰፍር ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።

እህቴ፣ በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ባልሽ ይህን ደብዳቤ ሲሰጥሽ አጠገብሽ እንዲቀመጥ ለምኜዋለሁ። ብቻሽን እንዳትመጪ። አውቶቡስ መናኸሪያ እጠብቃችኋለሁ፤ ፊቴን ማየት ካልፈለግሽ ጎረቤታችን ትቀበልሻለች።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ላንቺም ጽናቱን ይስጥሽ።

ታናሽ ወንድምሽ